ከዛፍ ላይ የተሰጠ የደን ትምህርት

ስለ ደን ጥቅም ሕዝብ እንዳስተምር በታዘዝኩ ጊዜ እኔ ራሴ የማውቀው ሁለት ዓይነት ዛፍ ብቻ ነበር፤ አንዱ የምጠለልበት፣ ሌላው የምገረፍበት። የመጀመሪያውን ያወቅሁት እስቴ፣ አባቴ ማሳ ዳር ነው። ሁለተኛውን ያወቅሁት ድጓ ልማር ብዬ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም በሄድኩ ጊዜ ነው። እዚያ የኔታ አንዲት ዜማ በሳትኩ ቁጥር አንዲት የመገረፊያ የክትክታ አርጩሜ እኔኑ ያስቆርጡኝ ነበር። ዜማዬ እንደማይቃና ሲገባኝ፣ የአገሩ ክትክታ ሳያልቅ ልሂድ ብዬ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሸሸሁ። አሁን ሳስበው በሕይወቴ ለደን ጥበቃ የዋልኩት የመጀመሪያው ውለታ ይኸው ነው።

ይህን የምነግራችሁ እንድትስቁ አይደለም። ብትስቁ አልከለክልም፤ እኔ ግን ተቆጥቻለሁ። የሌላው ሰው ንዴት እንደ ሽሮ ወጥ ነው፣ ከእሳት ሲወርድ ይበርዳል። የእኔ እንደ ጠላ ነው፤ ባደረ ቁጥር እየከረረ ይሄዳል።

አስተምርባት የነበረችውን ከተማ ስም አልጠራም። ብጠራው ሰዎቹ እንደገና ያባርሩኛል፤ ሁለተኛ ደግሞ የምወጣበት ዛፍ አላገኝም። በስማዳ በኩል፣ ከወገዳ በእግር ግማሽ ቀን የምታስኬድ ናት ብል ይበቃል። አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ የምክትል ወረዳ ጽሕፈት ቤትና ከሦስቱ ድምር የሚበልጥ ጠላ ቤት አላት። ዙሪያዋ ታርሶ ታርሶ ድንጋዩ እንደ አሮጌ በቅሎ ጎድን ተገልጧል። ከከተማዋ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ግን አንድ ጥቁር ደን ቀርቶ ነበር፤ ወይራና ጽድ፣ እርስ በርሱ የተቃቀፈ። ከደኑ እግር ምንጭ ይፈልቃል። ከምንጩ በታች የመንደሩ ሰው ከብቱን በጋራ የሚያሰማራበት መስክ አለ። ደን፣ ምንጭ፣ መስክ። ሦስቱንም ልብ በሉልኝ፤ በሦስቱም ላይ አንድ በአንድ ጠብ አንሥቻለሁ።

በሰኔ መጀመሪያ ግራዝማች ይርጋ አስጠሩኝ። ግራዝማች የምክትል ወረዳው ገዢ ናቸው፤ ሆዳቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ቀጭን። ሲቆጡ ድምፃቸው በርሜል ውስጥ የገባች ጫጩት ይመስላል። አንድ ደብዳቤ ዘርግተው፣

«አንብብልኝ፤ መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ» አሉኝ። ግራዝማች መነጽር ኖሯቸው አያውቅም።

አነበብኩላቸው። ሕዝቡ ስለ ደን ጥቅምና አጠባበቅ በየሰበካው ትምህርት እንዲሰጠው፣ በሐምሌ አጋማሽም ዛፍ የሚተከልበት በዓል እንዲደረግ፣ ለበዓሉ ከአውራጃው አንድ ትልቅ እንግዳ እንደሚመጡ ይናገራል።

«ገባህ?»

«ገባኝ ግራዝማች። ሕዝቡን ማስተማር ነው።»

«አልገባህም። ዋናው እንግዳው ናቸው። ሕዝቡ ተማረም አልተማረም እዚሁ ነው፣ የትም አይሄድም። እንግዳው ግን ያዩትን ይዘው ይሄዳሉ።»

ይህን ጥበብ ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ራሴን መነቅነቅ የለመድኩት ድጓ ቤት ነው፤ ዜማው ሲጠፋኝ ቢያንስ በአንገቴ እከተል ነበር።

ንግግሬን ሦስት ቀን ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ጻፍኩ። በእሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ካለች ድንጋይ ላይ ቆምኩ። የአጥቢያው ቄስ መምሬ አድማሱ ሕዝቡን «ቁሙማ፣ መምህር የሚነግረን ነገር አለ» ብለው አስቆሙልኝ። መምሬ አድማሱ ጢማቸው እስከ ደረታቸው የወረደ፣ ሲናገሩ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። እኔ ግን ቃል የምቆጥብ ሰው አይደለሁም።

«ክቡራንና ክቡራት!» አልኩ። ሰዎቹ ዞረው ወደ ኋላቸው አዩ፤ ክቡራን የመጡ መስሏቸው ነው። «ደን የአገር ሀብት ነው!»

አያ ታከለ የሚባሉ፣ በመንደሩ ከሁሉ ቀድሞ የሚደመጡ ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ተደግፈው እጃቸውን አነሡ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። የአገር ሀብት ስትል የመንግሥት ማለትህ ነው?»

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ሰው ቢሆን ደመናውን አይቶ «ሊጥል ነው፣ እንበተን» ይል ነበር። እኔ ደረቴን ነፋሁ። «እንዴታ! የመንግሥት ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?»

«መሬቱም?»

«ዛፍ ያለ መሬት በአየር ላይ ይቆማል እንዴ?» ብዬ ሳቅሁ። የሳቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሕዝቡ ዝም ብሎ ተበተነ። እኔም ዝምታውን እንደ ስምምነት ቆጠርኩት። ዝም ያለ ሁሉ የተስማማ ቢሆን ኖሮ መቃብር ስፍራው ሸንጎ በሆነ ነበር! መምሬ አድማሱ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣

«ልጄ፣ ዛሬ ምን እንደተናገርህ ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

«አዎ አባቴ፣ ስለ ደን።»

«እነሱ የሰሙት ግን ስለ ደን አይደለም» ብለውኝ ሄዱ። ቅኔ መሰለኝ። ቅኔ ደግሞ ድጓውን ሳልጨርስ ስለሸሸሁ አልደረስኩበትም።

የአገራችንን ሰው ታውቁታላችሁ። እርሱን ራሱን ቢሰድቡት ይታገሣል፣ ርስቱን ግን አየት አድርገው ቢያልፉበት ዕንቅልፍ አይወስደውም። ቀላድ የሚባል የመሬት መለኪያ ገመድ አለ። በሌላ አገር ቀላድ በተጣለበት መሬት ገበሬው ርስቱ አንሶ ግብሩ በዝቶበት ቀረ ሲባል ከአባቶቹ ሰምቷል። እናቶች የሚያለቅስ ልጅ ሲያባብሉ «ጅብ መጣ» ይላሉ፤ ልጁ አልሰማ ካለ «ቀላድ መጣ» ይላሉ። ይህን ሁሉ እኔ አውቃለሁ። እስቴ ነው የተወለድኩት፣ ከሰማይ አልወረድኩም። ግን ማወቅና ማስታወስ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ እኔ ቤት አብረው አይገቡም።

በሚቀጥለው ሳምንት ግራዝማች መስኩ ላይ የችግኝ ጉድጓድ እንዲቆፈር አዘዙ።

«በመስመር ይሁን፤ እንደ ወታደር ሰልፍ። እንግዳው ቀጥ ያለ ነገር ይወዳሉ» ብለው አንድ ረጅም ገመድ ሰጡኝ። እኔም ብልህ ነኝና በየሁለት ክንዱ ቋጠሮ አሰርኩበት። በማግስቱ አዲሱን ጫማዬን አድርጌ፣ ቋጠሮ ያለበትን ገመድ ትከሻዬ ላይ ጠምጥሜ፣ መስኩ መካከል ችካል ተከልኩና ገመዱን እየዘረጋሁ ወደ ኋላ መሄድ ጀመርኩ። ባለ ቋጠሮ ገመድ ይዞ መስክ ለመስክ የሚንጎራደድ የመንግሥት ደመወዝተኛ ምን ተብሎ ይጠራል? እኔ «የደን አስተማሪ» ይባላል ብዬ ነበር።

ምንጩ አጠገብ የሚኖሩ እትዬ በለጡ የሚባሉ ባልቴት አሉ። ባላቸው ከሞተ ቆይቷል፤ ያላቸው ሀብት አንዲት ላም ናት፣ ላሟም ያላት ሀብት ያ መስክ ነው። እንስራቸውን አስቀምጠው አፈጠጡብኝ።

«ምንድን ነው የያዝኸው?»

«ገመድ ነው፣ እትዬ በለጡ።»

«ለምን የሚሆን ገመድ?»

«መስኩን ለመለካት» አልኩ።

«ለጉድጓድ» ልል ነበር። «ለችግኝ» ልል ነበር። ሐምሌና ነሐሴ በሙሉ ሳስበው የማገኛቸው ስንት ጥሩ ጥሩ መልሶች ነበሩ! ምላሴ ግን ሁልጊዜ ቀድማኝ ነው የምትወጣው፤ እኔ ጫማ ሳጠልቅ እሷ ገበያ ደርሳለች።

«ኡ ኡ! የአገር ሰው ድረስ! ቀላድ መጣ! ቀላድ ተጣለብን!»

አንዲት አሮጊት ያን ያህል ድምፅ ከየት እንደምታወጣ እግዚአብሔር ይወቀው። ከየማሳው፣ ከየደጁ ሰው ወጣ። ዱላ የያዘ አለ፣ ማጭድ የያዘ አለ፣ አንዱ ምንሽር ጠመንጃ ይዟል፤ ሰኔ ላይ ምንሽር ይዞ ምን ያርስ እንደነበር አላውቅም። እኔ ቆሜ የማስረዳ መስሎኝ «ክቡራን...» ስል ድንጋይ በጆሮዬ በኩል አለፈ። ሮጥኩ። ረግረጉ ጋ ስደርስ አንድ ጫማዬን ጭቃው ዋጠው። ሁለተኛውን ራሴ ወረወርኩት፣ ወደ እነሱ። ከዚያ በደኑ ጠርዝ ላይ ከቆመ አንድ ትልቅ ወይራ ላይ ራሴን አገኘሁት። እንዴት እንደወጣሁ አትጠይቁኝ። ሱሪዬ ከግንዱ ላይ የተወሰነ ክፍሉን ትቶ እንደመጣ ብቻ አውቃለሁ።

ከበቡኝ።

«ውረድ!» አሉ አያ ታከለ።

«አልወርድም!»

«ውረድ ብለንሃል፣ አንተ ቀላድ ጣይ!»

«ቀላድ አይደለም! ለዛፍ ነው!»

«ይኸው ዛፍ አገኘህ» አለኝ ምንሽር የያዘው።

«ምን ታባብሉታላችሁ?» አሉ እትዬ በለጡ። «መጥረቢያ አምጡና ዛፉን ጣሉት፤ እሱም አብሮ ይወርዳል!»

መጥረቢያ መጣ። የመጀመሪያው ምት ግንዱን ሲያገኘው ከእግሬ ጥፍር እስከ ጥርሴ ተሰማኝ። ስለ ደን ጥቅም ልቤ የተከፈተ ያን ጊዜ ነው። ሦስት ቀን ጽፌ ያልወጣልኝ ንግግር እንደ ውዳሴ ማርያም ከአፌ ፈሰሰ።

«ወገኖቼ! ዛፍ አትቁረጡ! ዛፍ የቆረጠ አገሩን ቆረጠ! ይህ ወይራ የአያቶቻችሁን ጦር እጀታ ያበቀለ ነው! ጥላውን አስቡ! ለልጆቻችሁ አስቡ! ኧረ በእመቤታችን፣ ቀስ በሉ፣ አትቁረጡ!»

ስለ ደን እንደዚያ ከልቡ የተናገረ ሰው በጃንሆይ ግዛት ውስጥ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሁለተኛው ምት ሳያርፍ መምሬ አድማሱ ደረሱ። ጃንጥላቸውን ዘቅዝቀው ቀና ብለው አዩኝ።

«ምን ታደርጋለህ እዚያ ላይ?»

«ሕዝቡን ስለ ደን እያስተማርኩ ነው አባቴ።»

ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፤ ስቀው ይሁን ተቆጥተው አላወቅሁም። መጥረቢያ ወደ ያዘው ሰው ዞሩና «ቆይ እስቲ፣ ሰውየው ቢያጠፋ ዛፉ ምን አደረገህ?» አሉት። ሰውየው መጥረቢያውን ዝቅ አደረገ። ለእኔ አዝኖ አይደለም፤ ለወይራው ነው።

ወረድኩ። ገመዱ ቀላድ እንዳልሆነ አስረዳሁ፤ እትዬ በለጡ ግን ተቀብለው እፊቴ በማጭድ ቆራረጡት። ከዚያ በመምሬ መስቀል ማልኩ። «መስኩን ማንም አይለካውም» አልኩ። በቃኝ ብዬ ዝም ብል ምን ነበረበት! ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ደኑንም ማንም አይነካውም፤ ብዋሽ ይህ መስቀል ይፍረድብኝ» ብዬ ጨመርኩበት።

«ሰምተናል» አሉ አያ ታከለ።

መምሬ አድማሱ ሕዝቡን እዚያው ሣሩ ላይ አስቀመጡት። «የላይኛው መንደር ምንጭ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ።

«ደረቀ» አሉ አያ ታከለ።

«መቼ?»

«የዚያን ጽድ ቆርጠን በጨረስን በሁለተኛው በጋ።»

«በሉ ይኸው ነው ትምህርቱ። ወደየቤታችሁ ግቡ።»

በዚህም ተናደድኩ። «ክቡራን» የለ፣ መግቢያ የለ፣ መደምደሚያ የለ፤ ሦስት ቀን የደከምኩበትን ነገር በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት! ደግሞ ሰዉ ገባው። በዚያው ሳምንት ማንም ሳያዝዘው፣ ያለ ገመድ፣ መስኩን ትቶ በምንጩ ዙሪያና በደኑ ዳር ዳር ጉድጓድ ይቆፍር ጀመር። ችግኝ ከነፋስ መውጫ በአህያ ሲመጣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ወሰደ። እትዬ በለጡ የጠፋውን ጫማዬን ከረግረጉ አውጥተው፣ አጥበው አመጡልኝ። ሌላኛውን ያመጣልኝ የለም፤ የመታሁት ሰው ነው አሉ የወሰደው። የሆነ ሆኖ አንድ ሳምንት ያህል ደስ ብሎኝ ኖርኩ። ደስታዬን ሳምንት መስጠቴ ራሱ ሞኝነት ነበር።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ክፍል ውስጥ ቆሜ ከክረምት ዕረፍታቸው የጠራኋቸውን ተማሪዎች ስለ ዛፍ መዝሙር ሳለማምድ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ። የአንድ መጥረቢያ አይደለም፤ የብዙ። ጠመኔዬን እንደያዝኩ ወደ ኮረብታው ሮጥኩ። የግራዝማች ሰዎች ናቸው። ጽዱ በተርታ ተኝቷል፤ ሽታው አገሩን ሞልቶታል። ወይራውም ወድቋል። እኔን ተሸክሞ ከዱላ ያዳነኝ ወይራ፣ የመጀመሪያው ምት ቁስል ገና ሳይደርቅ፣ በዚያው ቁስሉ በኩል ተቆርጦ ወድቋል። ያን ዕለት እርሱ ደርሶልኝ ነበር፤ እኔ ግን አልደረስኩለትም።

ግራዝማች አደባባዩ ላይ ቆመው ምሰሶ ያስተክላሉ።

«ግራዝማች! ምንድን ነው ይህ?»

«ዳስ ነዋ።»

«ስለ ደን ጥበቃ ለሚደረግ በዓል ደን ይቆረጣል እንዴ?»

«ታዲያ በምን ልሥራው? በማሽላ አገዳ? ወይስ እንግዳው ዝናብ ላይ ቆመው ስለ ዛፍ ጥቅም ይናገሩ?» ከዚያ ቀጭኗን ድምፃቸውን ይበልጥ አቀጠኗት። «ደግሞ እንጨቱ የሚባክን እንዳይመስልህ። በዓሉ ሲያልቅ ለጎተራዬ ይሆነኛል። አንተ ንግግርህን አሳምር፤ የእንጨቱን ነገር ለእኔ ተወው።»

እኔስ ምን አደረግሁ? ተቆጣሁ። በልቤ። በአፌ «እሺ ግራዝማች» አልኩና ወደ ክፍል ተመልሼ፣ መዝሙሩን አላሳመራችሁም ብዬ ምንም ያላጠፉ ልጆች ላይ ጮህኩባቸው። ከግራዝማች ጎተራ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ይኸ «እሺ» ነው። ሁለት ፊደል ናት፤ ስንት ጽድ ዋጠች!

ከሰዓት በኋላ እትዬ በለጡ ትምህርት ቤቱ በር ላይ መጥተው ቆሙ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«መምህር፣ በመስቀል ምለህ አልነበር?»

«እትዬ በለጡ፣ እኔ አይደለሁም የቆረጥኩት፤ ግራዝማች ናቸው...»

«ማን ቆረጠው አላልኩህም። ምለህ አልነበር ወይ ነው ያልኩህ።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

የበዓሉ ዕለት ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ያለ ርኅራኄ ወረደ። እንግዳው በቅሎ ተቀምጠው፣ ጃንጥላ ተይዞላቸው መጡ። ጥቁር ካባ የለበሱ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ዳሱ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ዳሱ በእውነቱ ያምራል፤ ምሰሶው ወይራ፣ ማገሩ ጽድ፣ ክዳኑ የጽድ ቅርንጫፍ፣ ወለሉ ቄጤማ። ሕዝቡም መጣ። አንድም የቀረ የለም። ግን አልገባም። አያ ታከለ፣ እትዬ በለጡ፣ ምንሽር ያለው፣ መጥረቢያ ያለው፣ ሁሉም ከዳሱ ውጭ፣ ዝናቡ ላይ፣ ጋቢያቸው ውሃ ጠጥቶ እስኪንጠባጠብ ድረስ ቆሙ።

«ሰዎቹ ምነው አይጠለሉም?» አሉ እንግዳው።

«ገበሬ ዝናብ ይወዳል ጌታዬ» አሉ ግራዝማች።

እንግዳው ተነሥተው ስለ ዛፍ ጥቅም ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ደን የአገር ጌጥ እንደሆነ፣ አንድ ዛፍ የቆረጠ አሥር ሊተክል እንደሚገባው። በመጨረሻም ምሰሶውን መታ መታ አድርገው «ይህን ያማረ ዳስ ላሰናዳችሁልን ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ» አሉ። ግራዝማች አጨበጨቡ። ብቻቸውን።

ተራው የእኔ ሆነ። ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። እግሬ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከዳሱ አወጣኝና ዝናቡ ላይ ከሰዎቹ ፊት አቆመኝ። ቀለሙ እየሟሟ በጣቶቼ መካከል ወረደ። «ክቡራንና ክቡራት» አልኩ። አያ ታከለን አየሁ። ከባርኔጣቸው ጠርዝ ውሃ በተርታ ይወርዳል፤ ዓይናቸውን ግን አይጠርጉም፤ እኔን ያያሉ።

«የምናገረው የለኝም» አልኩ። «ደኑን ማንም አይነካውም ብዬ እነዚህ ሰዎች ፊት በመስቀል ምዬ ነበር። ዋሽቻለሁ። ጌታዬ፣ የተደገፉት ደኑን ነው። ከራስዎ በላይ ያለውም ደኑ ነው። ከትናንት ወዲያ ጠዋት ቆሞ ነበር፤ ለእርስዎ ተብሎ ተቆረጠ። ሰዎቹ ዝናብ ላይ የቆሙት ዝናብ ወደው አይደለም፤ እዚህ ሥር አንጠለልም ብለው ነው!»

ድምፄ መጨረሻው ላይ ተሰበረ፤ ልክ እንደ ድጓዬ።

እንግዳው ቀና ብለው ክዳኑን አዩ። ያን ጊዜ የጽዱ ቅጠል ያጠራቀመው ውሃ ተንሸራቶ ካባቸው ላይ ተደፋ።

«እውነት ነው የሚለው?» አሉ።

«መምህሩ ትንሽ ያመዋል ጌታዬ» አሉ ግራዝማች። «በቀደም ለት ዛፍ ላይ ወጥቶ ነበር።»

ሐሰት ነው እንዳልል፣ እውነት ነው! ከሕዝቡ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እኔ እዚያው ጭቃው ውስጥ የምሰጥም መሰለኝ። እንግዳው ግን አልሳቁም። ካባቸውን አራገፉና ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ያለፈው አልፏል። ወደፊት ይታረም።» ከዚያ አንዲት ችግኝ ተከሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ የታረደውን በግ ቀመሱ፣ በቅሏቸው ላይ ወጥተው ሄዱ። «ወደፊት ይታረም» የሚለውን ነገር የፈጠረውን ሰው አንድ ቀን ባገኘው ምን እንደማደርገው አላውቅም። አንገቱ የተቆረጠ ጽድ ወደፊት እንዴት አድርጎ ነው የሚታረመው?

በማግስቱ የግራዝማች ሰዎች ዳሱን አፍርሰው እንጨቱን ወደ ጎተራው ሊያግዙ መጡ። ሕዝቡ ቀድሟቸው ቆሟል። መምሬ አድማሱ መስቀላቸውን ይዘው ከመካከል ወጡ። ድምፃቸውን ከፍ እንኳ አላደረጉም።

«ይህን እንጨት ለጎተራው፣ ለቤቱ፣ ለማገዶው ያነሣ ውግዝ ይሁን። ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ ደን ቅርንጫፍ የቆረጠ፣ ያስቆረጠ ውግዝ ይሁን።»

ምሰሶ ትከሻው ላይ አድርጎ የነበረው ሰው የጋለ ብረት እንደያዘ ሁሉ ጣለው። ግራዝማች እየሮጡ መጡ።

«መምሬ! ይህ የመንግሥት ሥራ ነው!»

«ጎተራዎ የመንግሥት ነው?» አሉ መምሬ አድማሱ።

ግራዝማች ወደ እንጨቱ አንድ እርምጃ ተራመዱ። ሕዝቡን አዩ፣ መስቀሉን አዩ፣ እኔን አዩ። ለእኔ ያቆዩትን ነገር ከዓይናቸው አነበብኩት። ከዚያ ዞረው ሄዱ። ሕዝቡ እንጨቱን ተሸክሞ ወደ ኮረብታው መለሰውና በምንጩና በችግኙ ዙሪያ አጥር አደረገው። እኔም አንድ ጫፍ ተሸከምኩ። ማንም አልከለከለኝም፤ ማንም ግን «አይዞህ» አላለኝም።

ለእኔ የቆየው ነገር በመስከረም ደረሰ፤ «ለሥራው መቃናት ሲባል» ወደ ዓባይ ሸለቆ ዳር ወዳለ ትምህርት ቤት መዛወሬን የሚገልጽ ደብዳቤ። ለማን ሥራ መቃናት እንደሆነ አይናገርም። ዕቃዬን ጭኜ ስወጣ መንገዴ በኮረብታው ሥር ነበር። እትዬ በለጡ አጥሩ ውስጥ ጎንበስ ብለው አየኋቸው። ሰላም ሳልል ማለፍ አልቻልኩም፤ ገባሁ።

የወይራው ጉቶ ሁሉ አቆጥቁጧል፤ በእያንዳንዱ ዙሪያ ጣት የሚያህል አረንጓዴ ቀንበጥ ቆሟል። ደስ አለኝ። የጽዱ ጉቶ ግን ደርቆ ነጥቷል።

«ይህኛውስ መቼ ያቆጠቁጣል?» አልኩ።

«ጽድ አንዴ ከወደቀ ከጉቶው አይነሣም» አሉ እትዬ በለጡ፤ ቀና ሳይሉ። «ዘሩ ካልተተካው በቀር። እሱንም የልጅ ልጄ ታየው እንደሆነ ነው እንጂ እኔ አላየውም።» ከተረፈው ጽድ ሥር በራሱ የበቀለ፣ ከነአፈሩ የነቀሉት፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ችግኝ በቅል ይዘዋል።

ንዴቴ መጣ። በግራዝማች፣ በእንግዳው፣ በ«እሺ»ዬ። «እትዬ በለጡ፣ ይህ እኮ ግፍ ነው! አንድ ሰው ለአንድ ቀን ዳስ ብሎ የመቶ ዓመት ዛፍ...» ብዬ ክንዴን ዘርግቼ ጀመርኩ። ዶማውን አንሥተው በተዘረጋው እጄ ላይ አስቀመጡልኝና ባዶውን መሬት በአገጫቸው አሳዩኝ።

ቆፈርኩ። ሁለት ሦስቴ ያህል መታሁና፣ ላቤን ጠርጌ፣ ይበቃል ብዬ ቆምኩ። እትዬ በለጡ ጉድጓዱን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ጠለቅ አድርገህ ቆፍር» አሉ። «ይኸ ንግግር አይደለም።»